ለአደን ጠመንጃ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሆን መነጽርና ማሰሪያ፦ ሲዜድ 550፣ ጅማ

ጅሬን_ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፈቃድ ባለው የአደን ድርጅት ስም የተመዘገበ ሲዜድ 550 የሚባል የአደን ጠመንጃ አለ፤ ጥይቱ .30-06 ነው። እስካሁን የሚተኮሰው በብረት ማነጣጠሪያው ሲሆን አሁን መነጽር ሊገጠምለት ተወስኗል። በጀቱ ለመነጽሩም ለማሰሪያውም አንድ ላይ 300 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው።

የአደን ቦታው በኮታ የተሰጠ ነው። ደኑ እንደኛ አገር የቡና ደን ጥላማና እርጥብ ነው፤ የሚታደነው ድኩላና ከርከሮ። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 150 ሜትር፣ ገደል ማዶ ሲሆን 200 ሜትር ይደርሳል። ሰዓቱ ንጋትና አመሻሽ ነው።

አንዱ ሻጭ 6-24×50 (ከ6 እስከ 24 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባለ ቀይ መብራት በ90 ዶላር አቅርቧል። ሌላው 3-9×40 በ180 ዶላር ይላል። ኃላፊው «24 እጥፍ የሚያጎላው በግማሽ ዋጋ እያለ ባለ 9ኙን ለምን እንገዛለን?» ይላል፤ ምን ልበለው? ለዚህ ጠመንጃ የሚገባው መነጽሩን የሚያስረው ቀለበትስ ዊቨር የሚባለው ነው ወይስ ሌላ? ገጠማውስ እዚሁ ጅማ ይሠራል?

አዌቱ_ዳር

ለኃላፊው በቁጥር አስረዳው፤ ደን ውስጥ የሚያስፈልገው ስፋትና ብርሃን ነው፣ ማጉላት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

3 እጥፍ ላይ የተቀመጠ መነጽር 100 ሜትር ላይ 11 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። 30 ሜትር ላይ ይህ ወደ 3.3 ሜትር ይወርዳል፤ ድኩላው ሙሉ ለሙሉ ይገባል፣ ዙሪያውም ይታያል። ዝቅተኛው 6 እጥፍ በሆነ መነጽር ግን 30 ሜትር ላይ የሚታየው 1.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በቅጠሉ መሃል ጠጉር ታያለህ እንጂ ትከሻ ይሁን ዳሌ አትለይም። ከእንስሳው ኋላ ሰው ወይም ከብት መኖሩንም አታይም፤ ለእኔ ከዋጋው በፊት የሚመጣው ይህ ነው።

ብርሃኑን ለማወቅ የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉሊያው አካፍል። የሚመጣው ቁጥር ከመነጽሩ ወጥቶ ዓይን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 40 ለ6 ሲካፈል 6.7 ነው። 50 ለ24 ግን 2.1 ብቻ ነው። ብሌናችን በጨለምለም ሲል እንደ ዕድሜያችን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ስለዚህ 2.1 ማለት አመሻሽ ላይ ጥቁር መስኮት ማለት ነው። በ3-9×40ው 6 ላይ አድርጎ መጠቀም ለዚያ ሰዓት ይበቃል። ባለ 24ቱ ወደ 6 ሲወርድ በስሌት 8.3 ይሰጣል፤ ሆኖም በ90 ዶላር ዕቃ ላይ የሌንሱ ቅብ ደካማ ስለሚሆን ፀሐይ ዝቅ ስትል ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

ሦስተኛው ዓይንና መነጽር የሚራራቁበት መጠን ነው። .30-06 ሲተኮስ ወደ ኋላ በደንብ ይመታል። መነጽሩ ከዓይን ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሙሉ ምስል የሚሰጥ መሆን አለበት። ርካሽ ባለ ከፍተኛ ማጉሊያዎች ላይ ማጉሊያው ሲጨምር ይህ ርቀት ያጥራል፤ ተኳሹ ምስሉን ፍለጋ ፊቱን ወደፊት ይገፋል፣ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቡን ይሰነጥቃል። ሽቅብ ሲተኮስ ደግሞ ይብሳል።

ክብደቱም አለ። 3-9×40 ብዙውን ጊዜ ከ350 እስከ 430 ግራም ነው፤ 6-24×50 ከ600 ግራም በላይ ይወጣል። ያ ትርፍ ክብደት በእያንዳንዱ ተኩስ ቀለበቱን የሚጎትት ነው።

በዚህ በጀት ቮርቴክስ ክሮስፋየር 2 3-9×40 (ከ150 እስከ 200 ዶላር) ወይም ሊዮፖልድ ቪኤክስ-ፍሪደም 3-9×40 (ከ200 እስከ 300 ዶላር) ይሻላል። ርቀታችሁ በእርግጥ ከ150 የማያልፍ ከሆነ የሁለቱም 2-7 ከ3-9ኙ ይበልጥብኛል፤ ቀለል ይላል፣ ቅርብ ላይ ሰፊ ነው። ሊዮፖልዱን ከመረጣችሁ ለማሰሪያ የሚተርፈውን አስቀድማችሁ አስሉ።

መስቀሉ፣ መነጽሩ ውስጥ የሚታየው ማነጣጠሪያ፣ ተራ ይሁን፤ ዳር ዳሩ ወፍራም፣ መሃሉ ቀጭን የሆነው። ወደ ታች ብዙ ነጥብ የተደረደረበት መስቀል በዚህ የዋጋ ደረጃ የሚሠራው በአንድ ማጉሊያ ላይ ብቻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በከፍተኛው። 4 ላይ አድርጎ ሁለተኛውን ነጥብ የሚጠቀም ሰው ይስታል። ሌላ የሚረሳ ነገር፣ ለ.22 የተሠራ መነጽር አትግዙ፤ የምስሉና የመስቀሉ መጣጣም ለ50 ያርድ የተስተካከለ ነው። ለትልቅ ጥይት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር ነው።

ቶርኖ_ቤት

መነጽሩ ላይ አዌቱ የሚለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ወደ ማሰሪያው ልሂድ፤ ሰው ገንዘቡን መነጽር ላይ ጨርሶ ቀለበቱን በተረፈችው ሳንቲም ይገዛና በኋላ መነጽሩን ይወቅሳል።

ለሲዜድ 550 ዊቨር በቀጥታ አይገባም። የዚህ ጠመንጃ ሪሲቨር፣ ቃታው የሚንሸራተትበት የብረት አካል ማለቴ ነው (ቃታ የምለው በጣት የሚሳበውን ሳይሆን በእጀታው ተከፍቶ የሚዘጋውን ብረት ነው)፣ አናቱ ራሱ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ሆኖ ተቀርጿል፤ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው። ቀለበቱ ያለ ሌላ ቤዝ (መቀመጫ) በቀጥታ እሱን ይነክሳል። ስታዝ «ለሲዜድ 550፣ 19 ሚሊ ሜትር» ብለህ እዘዝ። ሲዜድ 527 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ.22 ጠመንጃዎች ደግሞ 11። የድሮው ብርኖ ዜድኬኬ 600 ይመሳሰላልና አንድ ነው ብለህ አትግዛ፤ በካሊፐር ለካ። ዋርን የሚባለው አምራች ለ550 የሚሆን ቀለበት አለው። የመነጽሩን ቱቦ ስፋትም አረጋግጥ፤ ከላይ የተጠሩት መነጽሮች ቱቧቸው 1 ኢንች፣ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ቀለበት ውስጥ ላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማሰር የለም።

በቀለበቱ ሆድ ትንሽ ጥርስ ካለች ሪሲቨሩ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ውስጥ መግባት አለባት። ቀለበቱ ሲተኮስ ወደፊት እንዳይንሸራተት የምትይዘው እሷ ናት። ከጎድጓዳዋ ውጭ ተቀምጣ ከታሰረች ቀለበቱን ወደ ላይ ታነሣዋለች፤ ብሎኑ ቢጠብቅም ነክሶ አይይዝም።

ቁመቱ እንዲህ ይሰላል። የ40 ሚሊ ሜትር ሌንስ አፉ በውጭ ሲለካ 47 ገደማ ነው። ከ47 ላይ 25.4 ቀንስ፣ ለ2 አካፍል፣ 10.8 ይመጣል። አፉ ከቱቦው ሆድ በታች የሚወርደው ይህን ያህል ነው። ከአፈሙዙ ብረት ጋር እንዳይነካካ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጨምር። ስለዚህ የቱቦው ሆድ አፉ ባለበት ቦታ ከብረቱ አናት 14 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የኋላው የብረት ማነጣጠሪያ አፉ ሥር የሚውል ከሆነ የእሱን ቁመት ደምርበት። የ550 ቃታ ሲከፈት 90 ዲግሪ ወደ ላይ ስለሚነሣም እጀታው ከመነጽሩ ጭራ ጋር እንዳይጋጭ በጣም ዝቅ ያለ ቀለበት አይሆንም፤ መካከለኛው ነው የሚመቸው። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ጉንጭ ከሰደፉ ይለቃል፣ ራስ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ አተኳኮሱም አንድ ዓይነት አይሆንም።

ገጠማው ጅማ ይሠራል፤ ብረት መቅደድ ስለሌለው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጥ፣ ቃታውን አውጣ። ሐዲዱንና የቀለበቱን ውስጥ በአልኮል ጠርገህ አድርቅ፤ ዘይት ከቀረ መነጽሩ ይንሸራተታል። የታችኞቹን ግማሾች እሰር። ከዚያ ቶርኖ ቤት በ25.4 ሚሊ ሜትር የተላገ 30 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ላያቸው ላይ አስተኛ። ዘንጉ በአንዱ ጫፍ ከተነሣ ወይም ከተወዛወዘ ሁለቱ ቀለበቶች አንድ መስመር ላይ አይደሉም። መነጽሩን በግድ ብታስርበት ቱቦው ይጎብጣል፤ ውስጥ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ስለሚጣበቅ ክሊክ (የመነጽሩ ማስተካከያ አንድ እርከን ሲዞር የሚሰማው ድምፅ) ስትቆጥር ምቱ አይሄድም፣ ሁለት ሦስት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ በድንገት ይዘላል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በዘንጉና በቫልቭ መፋቂያ ቅባት ቀስ ብሎ መፈተግ ይቻላል፤ ትልቅ ከሆነ ቀለበቱን መልስ።

መነጽሩን አስቀምጠህ የላይኛውን ክዳን ሳታጠብቅ ያዘው። ማጉሊያውን ከፍተኛው ላይ አድርግ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን እንደምትተኩስ አንሣ፣ ዓይንህን ግለጥ። ጥቁር ጥላ ከታየ መነጽሩን ወደፊት ወይም ወደ ኋላ እያንሸራተትህ አስተካክል። ከዚያ ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተኝተህ 25 ሜትር ላይ የግንበኛ ቱንቢ ስቀልና የመስቀሉን ቁም መስመር ከገመዱ ጋር አስተካክል። ብሎኑን አንድ ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ በሰያፍ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያልህ፣ በክዳኑ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት እኩል እየሆነ።

የማጥበቂያው ጉልበት ለክዳኑ ብሎኖች ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ነው፤ ሐዲዱን ለሚነክሰው ብሎን የአምራቹን ወረቀት ተከተል። የጉልበት መጠን የሚያሳይ ካቻቢቴ ካልተገኘ የቁልፉን አጭር ክንድ በሁለት ጣት ብቻ ይዘህ እስኪቆም፣ ከዚያ አትለፍ። ብዙዎቹ ቲ-15 ባለ ኮከብ ራስ ናቸው። ለስላሳ ብረት የሆነ ጫፍ ራሱን ይፈጨውና ብሎኑ ተዘግቶ ይቀራል፤ ጥሩ አንድ ጫፍ ግዛ። ክዳኑ ላይ የብሎን ማጣበቂያ አትጠቀም፣ እንደ ቅባት ስለሚያገለግል ሳታውቀው ከመጠን በላይ ታጠብቃለህ። ከታሰረ በኋላ የማጉሊያው ቀለበት ከበፊቱ ጠንክሮ ከዞረ ቱቦውን ጨምቀኸዋል፤ ፍታው።

ሰቃ_በር

ጋሼ ቶርኖ፣ ይህን ካነሡ አይቀር፣ ለቤልጅግ መነጽር ይሆናል? በሕጋዊ ፈቃድ የተያዘ ነው፣ በ7.92 ጥይት የሚሠራ።

ቶርኖ_ቤት

ይሆናል፣ ግን ዋጋው ከመነጽሩ ይበልጣል። ቤልጅግ የሞዘር 98 ዘር ነው፤ ለመነጽር አልተሠራም። ሪሲቨሩ ላይ የብሎን ቀዳዳ የለውም። ኋለኛው ድልድይ ላይ የጥይት ማበጠሪያው፣ ጥይቶቹን ደርድሮ የሚይዘው ቆርቆሮ፣ የሚገባበት ጉብታ አለ። የቃታው እጀታ ሲከፈት በቀጥታ መነጽሩን ይመታል። ከቃታው ኋላ ያለው የደህንነት ክንፍም ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር መነጽሩ ሥር ይጣበቃል። አራቱም መለወጥ አለባቸው።

የሪሲቨሩ ላይኛ ቆዳ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ተራ መሰርሰሪያና ፊሌቶ ማውጫ ውስጡ ይሰበራል። ፊተኛው ቀዳዳ ትንሽ ከጠለቀ ወይም ብሎኑ ከረዘመ ቃታውን የሚቆልፉትን ጥርሶች ይነካል። እጀታውን ለማጉበጥ በቀጥታ ችቦ የሚያስነካ ሰው ደግሞ ሙቀቱን ወደ ቃታው አካል ይለቀዋል። በሙቀት የለሰለሰ ቃታ ፊት ለፊት የሚፈነዳን ባሩድ መያዝ አለበት፣ የተኳሹ ፊት ደግሞ ከኋላው ነው። ይህን ለጦር መሣሪያ ጥገና ፈቃድ ላለው ባለሙያ እንጂ ለበር ሠሪ አይሰጥም።

የተሻለው መንገድ የኋላውን የብረት ማነጣጠሪያ አንሥቶ በቦታው የሚቀመጥ ማሰሪያ ነው። መነጽሩ ወደፊት፣ ከአፈሙዙ ብረት በላይ ይውላል። ለዚህ ከዓይን ከ23 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚታይ፣ ስካውት የሚባለው ዓይነት መነጽር ያስፈልጋል፤ ተራ 3-9 እዚያ ቦታ ላይ የሚያሳየው ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው። ቀዳዳ የለም፣ ቃታው አይነካም፣ ክንፉም እንዳለ ይቀራል። ከኋላህ ፀሐይ ስትኖር ግን በኋለኛው ሌንስ ላይ ብርሃን ያንጸባርቃል።

ጎጀብ_ወንዝ

ከመግዛት በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ አደኑ ደግሞ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ሥር በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሠራ ነው። ተራ የሩቅ ማያ መነጽር እንኳ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ድርጅቱ የጠመንጃውን ምዝገባ አያይዞ የሚመለከተውን አካል በጽሑፍ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። በሰው ሻንጣ ይምጣ የሚል ምክር አትስሙ።

ስለ ሐሰተኛ ዕቃም ልበል። የታወቁ ስሞች፣ በተለይ ሊዮፖልድ፣ በብዛት ይመሰላሉ። የሳጥኑን ሳይሆን የቱቦውን ተከታታይ ቁጥር ጠይቃችሁ ለአምራቹ በኢሜይል ላኩ። ሊዮፖልድ 24 እጥፍ በ90 ዶላር አይሸጥም።

ዕቃው እጅ ሲገባ ሁለት ፈተና አለ፣ ሁለቱም ጠመንጃ አይፈልጉም። ካርቶን በሁለት በኩል የ«ቪ» ቅርጽ ቆርጣችሁ መነጽሩን አስተኙበት፣ ግድግዳ ላይ ነጥብ አድርጋችሁ መነጽሩን በቦታው አዙሩት። መስቀሉ በነጥቡ ዙሪያ ትልቅ ክብ ከሠራ መሃሉ ላይ አይደለም። ማስተካከያውን ይዛችሁ ክቡ እስኪጠብ አምጡት፤ ጨርሶ ካልመጣ መልሱ። ሁለተኛው ለጅማ ክረምት ነው። ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠ ከሆነ፣ የማስተካከያዎቹ ክዳኖች ታስረው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ፣ ለ3 ደቂቃ ንከሩት። የአረፋ ሰንሰለት ከአንድ ቦታ ከወጣ ውስጡ ያለው ደረቅ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ብርድ ንጋት ከውስጥ በኩል ጉም ይይዛል። ያን ጉም በጨርቅ አትጠርጉትም። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ሻጩ መመለስ እንደሚቀበል አረጋግጡ።

ጅሬን_ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ኃላፊው በ3-9×40ና በ19 ሚሊ ሜትሩ ቀለበት ተስማምቷል፤ ደብዳቤውም እየተጻፈ ነው። አንድ ይቀረኛል። ማስተካከያው ላይ ጥይት እንዳይባክን ከየት ልጀምር? በየቀኑ ቦታ ቢቀያይርስ መጀመሪያ የሚፈተሸው ምንድን ነው?

አዌቱ_ዳር

ያለ ጥይት ጀምር። የተፈቀደ የተኩስ ቦታ ላይ፣ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ተቀምጦ፣ ቃታውን አውጥተህ በአፈሙዙ ቀዳዳ ውስጥ ከኋላ ተመልከት። 25 ሜትር ላይ ያለ ክብ ምልክት መሃል ላይ ሲውል ጠመንጃውን ሳትነካ መስቀሉን ወደዚያው ምልክት አምጣ። ይህ የመጀመሪያውን ጥይት ወረቀቱ ላይ ያሳርፈዋል።

25 ሜትር ላይ አንድ ተኩስ። ሩብ ደቂቃ የሚባለው ክሊክ (ደቂቃው የማዕዘን መለኪያ እንጂ የጊዜ አይደለም) 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር፣ 25 ሜትር ላይ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ለማምጣት 25 ሜትር ላይ 28 ክሊክ ይፈልጋል፤ ሰው 7 ክሊክ ቆጥሮ «አይሠራም» የሚለው እዚህ ነው። 25 ሜትር ላይ ከመሃል 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሲመታ አቁም። ክብደቱ 180 ግሬን የሆነ ጥይት ከሆነ 100 ሜትር ላይ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያ 100 ሜትር ላይ ሦስት ሦስት ተኩስ፣ በየመሃሉ ብረቱ በእጅ እስኪያዝ ቀዝቅዞ፣ የምታስተካክለውም በሦስቱ መሃል እንጂ በአንዱ ጥይት አይደለም። 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ካቆምኸው 200 ሜትር ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። ለድኩላ ትከሻ ምንም ማስተካከል አያሻም። የሥልጠናው ጥይትና የአደኑ ጥይት አንድ ዓይነት፣ አንድ ክብደት ይሁን።

ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድርጅቱ ባሌ 3,000 ሜትር ላይ ቢወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እስከ 200 ሜትር ልዩነቱ አይታይም። በመኪና ያን ያህል ከተንገጫገጨ በኋላ ግን አንድ የማረጋገጫ ተኩስ ግድ ነው።

ቶርኖ_ቤት

ቦታ ሲቀያይር ከታች ወደ ላይ ሂድ። መጀመሪያ ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች። ቀጥሎ በብረቱና በእንጨቱ መሃል ወረቀት አስገብተህ ወደ ኋላ ጎትት። ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና በአንድ ጎን ብረቱን ይገፋል፤ በጋ የተስተካከለ ጠመንጃ ሐምሌ ላይ የሚስተው በዚህ ነው። እንጨቱ ካልተለበደ ውስጡን ዘይት ማጠጣት ይረዳል። ከዚያ የሐዲዱ ብሎን፣ ከዚያ ክዳኑ። ገጥመህ ስትጨርስ ቱቦውና ቀለበቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምር፤ መስመሩ ከተሰበረ መነጽሩ ተንሸራቷል፣ ካልተሰበረ ደግሞ ቀለበቱን ተወውና ወደ መነጽሩ ሂድ። የመጨረሻው ፈተና የታወቀ ሌላ መነጽር በዚያው ቀለበት መሞከር ነው።

ማስቀመጡንም አደራ። ከዝናብ እንደገባ በቆዳ ወይም በሸራ ቦርሳ አትከተው፤ እርጥበቱ ስለማይወጣ ሌንሱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል፣ ቅቡንም ይበላዋል። አውጥተህ አድርቅ፣ በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አስቀምጥ፤ ከረጢቱንም በየወሩ ቀይር።